ለቁርጭምጭሚቴ የመጡ ለቀስተኞች

ወልድያ ላይ እግሬን ያየልኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ገና ወጣት ነው። ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ገፋው፣ ወደ ታች ሳበው፣ ወደ ጎን ሊያዞረው ሞክሮ እምቢ ሲለው ተወው። ከዚያ የራጅ ፎቶዬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«አጥንቱ እኮ ግሩም አድርጎ ነው የገጠመው» አለኝ። «ያሰረልሽ ወጌሻ እጁ ይባረክ። ችግሩ ጅማቱ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ ደርቋል። ለመሆኑ ስንት ሳምንት ታስሮ ቆየ?»

«አሥራ ሦስት።»

«አሥራ ሦስት? ስምንት፣ ቢበዛ ዘጠኝ ይበቃው ነበርኮ። ምን ሆናችሁ ነው?»

«ጦርነት ነበር» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሌላ አልጠየቀኝም። በኛ አካባቢ ይህ መልስ ብዙ ጥያቄ ይዘጋል። እኔም ደክሞኝ ስለነበር አላብራራሁለትም። የምሠራበት ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቀን አራት ጊዜ ደረጃውን እወጣለሁ፣ አራት ጊዜ እወርዳለሁ፤ ወደ ማታ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ጫማዬን እስኪያስጨንቀው ያብጣል። ደረጃ ላይ እያረፉ የሚወጡ ሰዎች ለማሰብ ጊዜ አላቸው። እኔ እነዚያን አሥራ ሦስት ሳምንታት አስባለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዚያ ዓመት ነሐሴ መርሳ ላይ ሁለት ዓይነት ነጎድጓድ ነበር፤ አንዱ የዝናብ፣ ሌላው ትልልቆቹ «ወዲህ ነው፣ የለም ወዲያ ነው» እያሉ የሚከራከሩበት። እኔ የምለያቸው በእናቴ ነበር። የዝናቡ ሲሆን የተሰጣ ልብስ ለማስገባት ትሮጣለች፤ የሌላው ሲሆን እኔን ለማስገባት ትሮጣለች።

አባቴ ሚስባህ ሲሪንቃ ውስጥ የማሽላ ምርምር ማሳ ላይ ይሠራ ነበር። በየመደቡ ራስ ላይ ትንንሽ እንጨት ይተክላል፣ እንጨቱ ላይ ቁጥር ይጽፋል። ማሽላዎቹ እንደኛ ክፍል ስም የሚጠራባቸው ይመስለኝ ነበር። ጦርነቱ ሲቀርብ እናቴንና እኔን የሰው ጓዝ በሞላው አይሱዙ ላይ አሳፈረን። የምንሄደው ግራና፣ ታላቅ ወንድሙ አብዱልሐሊም ቤት ነው። አባቴ ግን አልተሳፈረም።

«የዘር መጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው» አላት እናቴን። «አስረክቤ ከነገ ወዲያ እደርስባችኋለሁ። አብሽሪ ቡርቱካን።»

መኪናው ሲነሣ የአባቴ ጃኬት እኔ እቅፍ ውስጥ እንደቀረ አየሁ። ዝናቡ ያካፋል። ማንንም ሳልጠይቅ ዘለልኩ።

ያረፍኩት ድንጋይ የተደረደረበት የውሃ ቦይ ውስጥ ነው። ቀኝ እግሬ ቀድሞ ገባ፣ ሰውነቴ ወደ ሌላ በኩል ሄደ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ እርጥብ ጨርቅ የሚቀደድ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳይ የጫማዬ አፍንጫ ወደ ጎን ዞሯል። መጀመሪያ አላለቀስኩም፤ የሌላ ሰው እግር ነበር የመሰለኝ። አባቴ ሮጦ መጣ፣ ከትከሻው ላይ ሽርጡን አውርዶ እግሬን ከነጫማው ጠቀለለው፣ ተሸክሞም ለእናቴ አቀበላት።

«ጃኬቱን ልበሰው» አልኩት እያቃሰትኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ለጃኬት ብለሽ እግርሽን ትሰብሪ?» አለኝ። ሊስቅ ሞከረ። ጃኬቱን ለበሰው፣ መኪናው ሄደ፣ እኔም ያኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

ግራና ስንደርስ ሐኪም ፍለጋ የሚኬድበት መንገድ አልነበረም። ወደ ወልድያ የሚወስደው ተዘግቷል፣ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። አጎቴ አብዱልሐሊም ወጌሻውን አያ ሀብቴን አስጠሩ። አያ ሀብቴ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ የተሰበረ ሰው ሲዳስሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እሳቸው ክርስቲያን ይሁኑ እንጂ የታማሚያቸውን ሃይማኖት ከነሕመሙ ያውቁታል። «በይ ቢስሚላህ በይ» አሉኝ። ጎረቤታችን ውባለም ትከሻዬን፣ እናቴ ጉልበቴን ያዙ። ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ እግሬን ሳቡት። የጮኽኩትን ጩኸት የግራና ውሾች ሳይሰሙት የቀሩ አይመስለኝም።

ስነቃ እግሬ ለስላሳ ጨርቅ በተጠቀለለ ቀርከሃ ታስሯል፣ ጣቶቼ ብቻ ብቅ ብለዋል፣ ቤቱ ቅቤና ጤና አዳም ይሸታል። አያ ሀብቴ አውራ ጣቴን ጫን እያሉ ይለቃሉ፤ ጥፍሬ ነጭ ሆኖ እንደገና ቀይ ሲሆን «ደሙ ይሄዳል፣ ተመስገን» ይላሉ። ከዚያ ለእናቴ ማስረዳት ጀመሩ።

«ጉዳቱ ሁለት ነው፣ ልጄ። አጥንቱ እዚህ ጋ ተሰብሯል፤ እሱን ተይው፣ ይገጥማል። ሌላው ጅማቱ ነው፣ ተበጥሷል።» የተኛሁበትን የጠፍር አልጋ ቸብ አደረጉት። «ይኸን አልጋ እይው። እግሩ ቢሰበር አናጢ ይጠግነዋል። ጠፍሩ ከላላ ግን እግሩ ደኅና ቢሆንም የተኛበት ይሰምጣል። አጥንት የሚድነው ዝም ሲሉት ነው። ጅማት ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ካላንቀሳቀሱት አይድንም። ቸኩላ ብትነሣ አጥንቱ ይከዳታል፣ ዘግይታ ብትነሣ ጅማቱ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?» አለች እናቴ።

«ስምንት ሳምንት በይው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እስኪገጥም ድረስ እንዳትደነግጥ። ክፉ ወሬ አታሰሟት፣ ለቅሶ አታሰሟት። የደነገጠ ሰው ሰውነቱ ይኮማተራል፣ እኔ ያሰርኩት ሁሉ ይላወሳል። ስንቱን እግር በዚህ አጥቻለሁ።»

አጎቴም «ሰምተናል» አሉ። በዚያ ቤት አጎቴ ሰምተናል ካሉ ሁሉም ሰምቷል ማለት ነው።

ከነገ ወዲያ መጣ፣ አባቴ አልመጣም። «መንገድ ዘግተውበት ነው» አሉኝ። ሳምንት ሞላ። እግሬ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ እንደ በሰለ ወይን ሆነ፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙ ቢጫ እያለ መጣ። ከቀርከሃው ውስጥ ያሳክከኛል፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ የራሱ ልብ ያለው ይመስል ይመታል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ሰው መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ከሲሪንቃ በእግሩ መምጣቱን ለአጎቴ ሲነግራቸው ሰማሁና ደስ አለኝ፤ አባቴ ካለበት የመጣ ሰው ነው። ወደኔ እንኳ ሳያይ አጎቴ እጁን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ትንሽ ቆይተው እናቴን ጠሯት። ከወጥ ቤቱ በኩል አንድ አጭር ድምፅ ተሰማ፤ እንስራ ወድቆ የተሰበረ መሰለኝ። ከዚያ ጸጥ አለ። እናቴ ስትመለስ ሻሿን አፏ ላይ ይዛው ነበር።

«ምን ተሰበረ?» አልኳት።

«እንስራ ነው» አለችኝ።

ውባለም ከብዙ ዓመት በኋላ ነገረችኝ። የተሰበረ እንስራ አልነበረም። እናቴ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሁለት ሴቶች በእጃቸው አፈኗት። «ልጅሽን! ልጅሽን!» እያሉ በጆሮዋ ይነግሯት ነበር። ያመለጣቸው ያች አንዲት ድምፅ ብቻ ናት። አባቴ እኛን ካሳፈረን በአራተኛው ቀን፣ ቁልፉን አስረክቦ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆበት ሞቷል። ከየት እንደተተኮሰ ዛሬም የሚያውቅ የለም። የሲሪንቃ ሰዎች አጥበው፣ ሰግደውበት፣ እዚያው ቀብረውታል። እኔ ግን እንስራ ነው ስባል እንስራ ነው ብዬ ተኛሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጠያቂ ጎረፈ። ሰው ሁሉ በደጅ በኩል ከእናቴና ከአጎቴ ጋር ይቀመጥና ሲወጣ ወደኔ ጎራ ይላል። የማላውቃቸው ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል፤ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ይወጣሉ። ወንዶቹ ደግሞ አልጋዬ አጠገብ በርከክ ብለው መዳፋቸውን ራሴ ላይ ያደርጋሉ፣ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ቀስ አድርገው ይዳብሱኛል። «አላህ ያሳድግሽ» ይሉኛል። የተሰበረው እግሬ፣ የሚዳበሰው ራሴ! ለታመመ ሰው የሚባለው «አላህ ያሽርሽ» እንደሆነ አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ምርቃት ተምታቶባቸዋል ብዬ ታዘብኳቸው።

ግን፣ ውሸት ለምን እናገራለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በመላው ሀብሩ ወረዳ እንደኔ የተለቀሰለት ቁርጭምጭሚት ያለ አይመስለኝም። አንዷ ማር ታመጣለች፣ አንዷ እንቁላል፣ ውባለም በየጠዋቱ የአብሽ ውሃ በጥብጣ ትመጣለች። መንደሩ ራሱ የሚበላው ባጣበት ሰሞን እኔ ወፈርኩ። ሰው ሲገባ ሕመሙ እንዲታወቅልኝ ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ፣ ትንሽ አቃስታለሁ። አንድ ሽማግሌ ሲዳብሱኝ እንባቸው አፍንጫዬ ላይ ጠብ አለ፤ የሚሞት ሰው እንኳ ይህን ያህል አይለቀስለትም ብዬ ኮራሁ።

የየቲም ራስ መዳበስ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት አድጌ ነው። አሁን እኔም አባት የሌለው ልጅ ባየሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ወደ ራሱ ይሄዳል። ልጁ ቀና ብሎ ሲያየኝ አፍራለሁ።

እናቴ ተለወጠች። ጉትቻዋን አወለቀች፣ ኩል ተወች፣ እጇ ላይ የነበረው ሂና ደብዝዞ ሲጠፋ አላደሰችውም። ከግቢ አትወጣም፤ ለገበያም ለውሃም ሌላ ሰው ይሄዳል። ሁሉንም ለእኔ አደረግሁት። ጌጧን የጣለችው በእግሬ አዝና ነው፣ የማትወጣው እኔን ብቻዬን ላለመተው ነው አልኩ። ዒዳ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን በቤቷ እንደምትቆይ ማን ይንገረኝ? እየከሳች ስትሄድ ደግሞ ጸጸት ያዘኝ። ሳልዘል ቀርቼ ቢሆን እናቴ ኩሏን ትኳል ነበር። ቶሎ ድኜ መራመድ አለብኝ አልኩ። እኔ ስራመድ እናቴ ትስቃለች።

«አባ መቼ ነው የሚመጣ?» እላታለሁ በየማታው።

«ነገ» ትለኛለች።

ስምንተኛው ሳምንት ሞላና አያ ሀብቴ መጡ። እስሩን ፈተው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱኝ። እግሬ ቀጥኗል፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ወረቀት ይላላጣል። «አጥንቱ ገጥሟል» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። ደስ ሲላቸው የፊት ጥርሳቸው አለመኖሩ ይታያል። ተረከዜን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው የእግሬን ጫፍ ወደ ጉልበቴ ገፉት። ጅማቴ በእሳት የተነካ ያህል አቃጠለኝ። «ይኸ ነው መድኃኒቷ። ጠዋት ማታ እንዲህ ይደረግላት፣ በሦስተኛው ቀን ዱላ ይዛ ትቁም።»

«ገና ናት» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝኮ የማውቀው፣ ልጄ።»

«አያ ሀብቴ፣ አንቱ ያውቃሉ፣ አላጣሁትም። ግን ገና ናት። ይሰሩልኝ።»

አያ ሀብቴ አዩዋት፤ ቀርከሃውን መልሰው አሰሩት። በዘጠነኛው ሳምንትም ገና ናት ተባለ፣ በዐሥረኛውም። ጠዋት ማታ ይደረግላት የተባለውንም ማንም አላደረገልኝም። እናቴን ታዘብኳት። አንዳንዴም ጠላኋት፤ አንከብክባ የምትይዘኝ አልጋ ላይ ስሆን ብቻ ነው፣ ስቀመጥ እንኳ ትደነግጣለች። «እማ፣ መቆም እችላለሁ» ስላት፣ «አትችይም፣ ተኚ» ትለኛለች በኃይለ ቃል።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ወይም የተገለጠልኝ መሰለኝ። የተኛሁበት ግድግዳ ጭቃው ተሰንጥቋል፣ ከውጭ የሚወራ ይሰማል። አያ ሀብቴ፣ አጎቴና እናቴ ግድግዳው ሥር ቆመው ይከራከራሉ።

«ከዚህ በላይ ካሰርኩት በደሉ የኔ ነው» ይላሉ አያ ሀብቴ። «ጅማቱ እየደረቀ ነው። ስታድግ ታነክስብሻለች።»

«ቡርቱካን፣ ስትቆም እንነግራታለን ተባብለናል» ይላሉ አጎቴ። «ሰው ሁሉ ይህን ቀን እየጠበቀ ነው። እስከ መቼ ነው ቤታችን አፉን ይዞ የሚኖረው? አንቺስ እስከ መቼ ትችይዋለሽ?»

«አንድ ሳምንት ስጡኝ» ትላለች እናቴ። «አንድ ሳምንት ብቻ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

ብርድ ልብሱን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ። ሁሉም ነገር ገባኝ! ለዒድ አዲስ ቀሚስ ሲደብቁኝም እንዲሁ ነበር የሚንሾካሾኩት፤ ሳያቸው ዝም ይላሉ፣ አባቴም ጣራ ጣራ ያያል። ስቆም የሚነገረኝ ነገር አለ፣ ሰው ሁሉ ያን ቀን ይጠብቃል። ከአባቴ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? መንገዱ ተከፍቶለታል፣ የሚመጣበት ቀን ታውቋል፣ እኔ ስቆም ሊያስደስቱኝ ደብቀውታል። አንድ ሳምንት የምጠብቅበት ምክንያት አልታየኝም።

እናቴ ያን አንድ ሳምንት ለምን እንደለመነች የነገረችኝ ስንት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ቀን ቁርጭምጭሚቴን በሞቀ ውሃ እየነከረችልኝ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች። «ቤቱ ውስጥ እሱን የምትጠብቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለችኝ። «እኛ ሁላችን አውቀን ጨርሰናል። አንቺ ግን በየማታው 'መቼ ነው የሚመጣ' ትይኛለሽ፣ እኔም 'ነገ' እልሻለሁ። እንደዚያ ስል ለአንድ አፍታ እኔም እጠብቀው ነበር። ስትራመጂ ያችም አፍታ ልትቀርብኝ ነው። እግርሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ፣ ናጅዋ። እወቂው ብዬ ነው።» እግሬን ከውሃው አውጥታ በሻሿ አደረቀችልኝ። አልተቆጣኋትም። አንዳንድ ቀን ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ እቆጣታለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ይወጣልኛል።

ያን ሳምንት በድብቅ መነሣት ጀመርኩ። ወፍጮ ቤቱ መብራት ስለሌለው እህል የሚፈጨው በእጅ ነበር፤ እናቴ ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ገብታ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች። ድንጋዩ እስከተሰማ ድረስ እናቴ አትመጣም። ድምፁ ሲጀምር የታችኛውን ቋጠሮ ፈትቼ ቀርከሃውን አወልቃለሁ፣ አያ ሀብቴ እንዳደረጉት የእግሬን ጫፍ በሻሽ ስቤ ወደ ጉልበቴ አመጣለሁ። እንባዬ ይፈስሳል፣ ድንጋዩ ይፈጫል። ሲያቆም ተሽቀዳድሜ አስራለሁ።

መጀመሪያ ቀን የአልጋውን እግር ይዤ ቆምኩ፤ ቤቱ ዞረብኝና ቁጭ አልኩ። ሁለተኛው ቀን ክብደቴን በቀኝ እግሬ ላይ ጣልኩ። ተረከዜ መሬት አልነካ አለኝ፤ ጅማቱ አጥሮ እግሬን በጣቴ አቁሞታል። ሦስተኛው ቀን ግድግዳውን ይዤ እስከ ጎታው ደረስኩ፣ አራት እርምጃ። እንደገና ስመለስ ሦስት ሆነ፤ አንዱ የት እንደገባ አላውቅም፣ ምናልባት ወድቄ ይሆናል። በአምስተኛው ቀን ግድግዳ ሳልይዝ ከአልጋ እስከ በር ሄድኩ። አነክሳለሁ። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ሐሙስ ቀን ነበር፣ የኅዳር ፀሐይ። ድንጋዩ መፍጨት ሲጀምር እኔም ተነሣሁ። በሩን አልፌ ወጣሁ። ሦስት ወር ያላየሁት ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ፣ ዓይኔን በእጄ ጋርጄ ደጁን አየሁት። አጎቴ ከቤቱ ጥግ ቁጭ ብለው ለሶላት ውዱእ ያደርጋሉ። ውባለም የአብሽ ውሃዋን ይዛ በአጥሩ በር ስትገባ አየችኝ። ጣሳውን ጣለችው።

«እልልልል! ቡርቱካን! ነይ እይ፣ ነይ እይ!»

ደግማ እልል ልትል አፏን እንደከፈተች ትዝ አላትና በእጇ ያዘችው። ወፍጮው ቆመ።

እናቴ ዱቄት በዱቄት ሆና ከወጥ ቤቱ ወጣች። በሩ ላይ ቆመች። እስክትስቅ ጠበቅኳት። እግሬን በደንብ እንድታይልኝ አንድ እርምጃ ጨመርኩ፣ ከዚያ ሌላ።

«ቁጭ በይ» አለችኝ በቀስታ።

«እማ፣ እይ! አያመኝምኮ!» ያመኝ ነበር።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ። እባክሽን ቁጭ በይልኝ።»

«አሁን ንገሩኝ» አልኩ፤ እየሳቅኩ ነበር። «ሰምቻለሁ። ስትቆም እንነግራታለን ብላችኋል። ይኸው ቆምኩ። አባ መቼ ነው የሚመጣ?»

አጎቴ ተነሡ፤ እጃቸው ገና ውሃ ያንጠባጥባል። እናቴን አዩዋት። እናቴ ነገ አላለችም። አፏ ተከፈተ፤ በዚህ ጊዜ የሚይዝላት ማንም አልነበረም፤ በሦስት ወር ውስጥ ያልጮኸችውን ሁሉ ጮኸችው። የአባቴን ስም ጠራችው፤ ደጋግማ ጠራችው። ዱቄት የነካ እጇ ፊቷን ነጭ አደረገው። ከየአጥሩ ሰው ይሮጥ ጀመር፤ ሴቶቹ ገና ከሩቅ እያለቀሱ ነው የሚመጡት፣ እነሱም ለሦስት ወር ይዘውት ኖረዋል።

አጎቴ መጥተው ፊቴ በርከክ አሉ። እርጥብ መዳፋቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«ናጅዋ፣ ልጄ» አሉኝ። «አባትሽ ወደ አላህ ሄዷል። እናንተ እዚህ በደረሳችሁ ባራተኛው ቀን ነው። እግርሽ እስኪድን ብለን ነው የደበቅንሽ። አሁን ድነሻል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

የሚሉትን ቃል ለቃል ሰማሁት። የገባኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ተኝቼ ሳለሁ አባቴ ነበረ፤ ተነሣሁ፣ የለም። እናቴ መሬት ላይ ወድቃ አፈሩን ትመታለች። ወደ እግሬ አየሁ፤ በጣቱ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ቶሎ ብዬ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀሚሴን ስቤ እግሬን እንዳይታይ ሸፈንኩት።

«እማ» አልኳት። «እማ፣ ተይ አታልቅሺ። አልተራመድኩም። ይኸው ተቀምጫለሁ።»